ከማማው ያልወረደው ጠባቂ

ማሽላ በሚበቅልበት አንድ ቆላ፣ ከሰብሉ መሐል፣ በአራት ረጃጅም ቋሚዎች ላይ የተሠራ ማማ ነበር። ቁመቱ ስምንት ክንድ ነው። ማሽላው ሲያሸት አንድ ሰው ወንጭፉን ይዞ ይወጣበታል፤ ቀን ወፉንና ዝንጀሮውን፣ ሌሊት ከርከሮውንና ጃርቱን ሲያባርር ይሰነብታል። እህሉ ታጭዶ አውድማ ሲገባ ጠባቂው ይወርዳል፤ ማማውም እስከ ከርሞ ባዶውን ይቆማል። የአገሩ ልማድ ይኸው ነበር።

በዚያ መንደር ከሁሉ የተዋጣለት ጠባቂ አንድ ገበሬ ነው። የወነጨፈው ድንጋይ አይስትም፤ ድምፁ ከሸንተረሩ ማዶ ይሰማል። ነቅቶ በማደሩ ሰዉ የእናት ያባቱን ስም ትቶ «አያ ንቁ» ይለው ጀመር። እናቶች ልጆቻቸውን ሲያስተኙ ከሩቅ ፉጨቱን እየሰሙ «አያ ንቁ አለልህ፣ ተኛ» ይሉ ነበር።

አንድ ዓመት በኅዳር፣ አጨዳው ሳምንት ሲቀረው፣ አያ ንቁን ሊነጋጋ ሲል ሸለብ አደረገው። ብንን ሲል ሰማዩ ጠቁሯል። ደመና መሰለው፤ ግሪሳ ነበር። ወንጭፉን አንስቶ፣ ጮኾ፣ ሰው እስኪደርስለት ድረስ ወፉ የእሱንና የአራት ጎረቤቶቹን ማሳ አራግፎ ተነሳ። በዚያ ዓመት አምስት ቤት ከዘመድ እህል እየተበደረ ከረመ። ማንም አልወቀሰውም። «ግሪሳ የእግዜር ቁጣ ነው፤ መቶ ሰው ቢቆምስ መች ይመለሳል» አሉት። እሱ ግን ያን ቃል በጆሮው ሰማው እንጂ ወደ ውስጥ አልገባለትም።

የሚቀጥለው ዓመት አዝመራ አማረ። ነዶው ተከመረ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። አያ ንቁ ግን አልወረደም።

ሚስቱ ከማማው ግርጌ ቆማ፣ «ምን ቀረ ብለህ ነው? የቆመው እኮ ባዶ አገዳ ነው» አለችው።

«ባዶ አገዳ መሆኑን አጥቼው መሰለሽ?» አላት። «ዓይኔ ያየዋል። ልቤ ግን አልታዘዝ አለኝ። ልወርድ እግሬን ሳነሳ ደረቴ ላይ ድንጋይ ይጫነኛል፤ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ እጄ በላብ ይርሳል። ክንፍ ይሰማኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት «ግሪሳ! ግሪሳ!» እያለ መጮህ ሆነ ሥራው። ወፍ በጨለማ ማሳ ላይ እንደማይወርድ በዚያ ቆላ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ይጮሃል። መንደርተኛው በጩኸቱ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ጨረቃና አገዳ አይቶ ይመለሳል።

ሰዉ ዝም ብሎ አላየውም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። ሽማግሌዎች «ልብህን ጠንከር አድርግ እንጂ፣ ወንድ አይደለህም?» ብለው ገሠጹት፤ ከተግሣጹ በኋላ ሰው ሲመጣ ፊቱን ማዞር ጀመረ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጸበል ረጩት፤ ያን ሌሊት እፎይ ብሎ አደረ፤ በሦስተኛው ቀን ክንፉ ተመልሶ መጣ። አራት ጎረምሶች ተሸክመው አወረዱትና ቤቱ አስገብተው በሩን ቀረቀሩበት፤ እኩለ ሌሊት ላይ በሩን ገንጥሎ ወጣ። በመጨረሻ ተማረው ማማውን አቃጠሉበት። በሳምንቱ ሌላ ማማ ሠርቶ ተገኘ። የፊተኛው ስምንት ክንድ ነበር፤ አዲሱ አሥር ክንድ ሆነ።

ዓመት አለፈ። የመንደሩ ዕድር አባላት አጉረመረሙ። ሰውዬው ወርሃዊ መዋጮ አቋርጧል፤ ደቦ አይወጣም፤ ሦስት ቀብር ላይ አልተገኘም። «ደንብ ደንብ ነው፤ ይሰረዝ» ተባለ። ዳኛው ለጸሐፊው «በመጪው እሑድ ውዝፉን አስልተህ አንብብልን፤ ከዚያ እናሰናብተዋለን» አሉት።

ጸሐፊው ልጅ ሆኖ የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ቃሉን የሚቆጥብ፣ ለቁጥር ጥንቁቅ የሆነ ሰው ነው። ውዝፉን ለማስላት ደብተሩን ይዞ ቤት ለቤት ሄደ። «እሱ ባለመኖሩ ምን ጎደለብህ?» እያለ ጠየቀ። የተነገረውን ሁሉ ጻፈ።

እሑድ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ጸሐፊው ተነሳ፤ ደብተሩን ገለጠ።

«ወገኖቼ፣» አለ፣ «የእሱን ዕዳ ልጽፍ ተቀምጬ የእናንተን ኪሳራ ጻፍኩ። ላንብብላችሁ።

«አንደኛ፣ በሬው። ከማዶ ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ነበሩ። የእሱ በሬ ሳይጠመድ ሲቀር የጎረቤቱም በሬ አብሮ ቆመ። ዝናቡ አልጠበቃቸውም። አንድ ሰው ማማ ላይ ወጣ፤ ሁለት ማሳ ጦም አደረ።

«ሁለተኛ፣ ሚስቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ ገበያ ታወጣ ነበር። ዛሬ ምግብና ውሃ ተሸክማ ከማማው ሥር ትውላለች። እቁቧን መጣል አቃታት። እሷ ስትወጣ ሌሎቹም ተጠራጠሩና እቁቡ ፈረሰ። እጣ ያልደረሳቸው ሰባት ሴቶች ናቸው። ሁለቱ እዚህ ተቀምጠዋል።

«ሦስተኛ፣ የመጀመሪያ ልጁ። ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ከብቱን የሚጠብቅ ሲጠፋ ደብተሯን ሰቀለች። አስተማሪዋን ጠየቅሁት፤ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ይህን በብር መጻፍ አልቻልኩም፤ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።

«አራተኛ፣ ሦስት ወጠጤ ፍየል። ልቤ ሊቆም ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ከተማ ሄዷል። በሄደ ቁጥር አንድ ፍየል ተሸጠ። ሦስቴም ልቡ ታየና ‹ደህና ነህ› ተብሎ ተመለሰ። ‹ሌሊት እንዴት ታድራለህ?› ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

«አምስተኛ፣ እኛው። ዘንድሮ በጩኸቱ የወጣንበትን ሌሊት ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ ነው። ሠላሳ አባወራ አርባ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ በማግሥቱ ስንት ጥማድ ሳይታረስ እንደዋለ እናንተው አስሉት።

«የእሱ ውዝፍ ስድሳ ብር ነው። የእኛ ኪሳራ ግን ለዚህ ደብተር በዛበት።»

ዋርካው ሥር ጸጥታ ሆነ። አንዱ ከኋላ፣ «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲባረር አይቀርም ወይ?» አለ።

«ብናባርረው ስሙ ከደብተሩ ይወጣል፤ በሬው ግን አይጠመድም፣ ልጅቱም አትማርም» አለ ጸሐፊው። «መክፈሉንማ እየከፈልን ነው። እስከ ዛሬ ስንከፍል የኖርነው ለማማው ነው። ለሰውዬው አንድ ሳንቲም አውጥተን አናውቅም።»

ከሴቶቹ ወገን አንዲት ባልቴት ተነሱ። በዚያ ክፉ ዓመት ግሪሳ ማሳቸውን ከጨረሰባቸው አራት ጎረቤቶች አንዷ ናቸው። «እህሉ የተበላው የእኔ ነው፤» አሉ፤ «እሱ ሲጨነቅበት የኖረው ነገር የእኔ ነገር ነው። እኔ እወጣለሁ።»

በዚያ ምሽት ሁለት ሰው መሰላሉን ይዞላቸው፣ አሥሩን ክንድ ቀስ እያሉ ወጡ። አያ ንቁ ሲያያቸው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ባልቴቷ ውረድ አላሉትም። አጠገቡ ተቀመጡና፣ «ምን ትሰማለህ፣ ልጄ?» አሉት።

«ክንፍ፣ እማማ።»

«እኔ አልሰማሁም። አንተ ግን ትሰማለህ። በል አብረን እናዳምጥ።»

ክንፉ መጣበት። ደረቱ ተንቀጠቀጠ፤ ሊጮህ አፉን ከፈተ። እጁን ያዙት። «አትጩህ አልልህም። ትንሽ ቆይተህ ጩህ፤ እስቲ የት ድረስ እንደሚሄድ እንየው።» ቆዩ። እንደ ደራሽ ውሃ ሞላ፣ ሞላ፣ ከዚያ ጎደለ። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ክንፉ አለፈ። ሊነጋ ሲል፣ «ያኔ አንቀላፍቼብዎት ነበር፣ እማማ» አላቸው። ይህን ቃል ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። «አውቃለሁ፤ እኔም ቤቴ ተኝቼ ነበር» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ዕድሩ ተራ አወጣ። በየሌሊቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይተኛል። ወር እንዳለፈ ጸሐፊው አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። «አናወርድህም። ማማውን በየእሑዱ ግማሽ ክንድ ብናሳጥረውስ?»

አያ ንቁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ፣ «መጋዙን እኔ ልያዝ» አለ።

የመጀመሪያው እሑድ ከሁሉ ከበደ። አራቱን ቋሚ ግማሽ ግማሽ ክንድ ቆርጦ መልሶ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወጥቶ አየ፤ ማሳው እንዳለ ነው። ሁለተኛው እሑድ ቀለል አለው። ሰባተኛው ላይ ክፉኛ አመመውና «ዛሬ ይቅርብኝ» አለ፤ ማንም አላስገደደው። እንዲህ ያለ እሑድ ሁለት ጊዜ አጋጠመው። በሃያ ሁለተኛው እሑድ ከማማው ወለል እግሩን ሲዘረጋ መሬት ነካ።

ከተቆራረጠው እንጨት አንድ አግዳሚ ተሠራና ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። አያ ንቁ ዛሬም እንቅልፉ ቀላል ነው። አንዳንድ ሌሊት ክንፉ ይመጣበታል። ያኔ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ያየው ሰው ጋቢውን ደርቦ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። ማሽላው ሲያሸት አዲስ በተሠራ ማማ ላይ ይወጣል፤ እህሉ ሲገባ ይወርዳል። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል።

ጠባቂው ፍርሃታችን ነው። ፍርሃት ለሰው የተሰጠው እህሉን እንዲጠብቅ ነው፤ ከእሳት፣ ከጎርፍ፣ ከጠላት ያዳነን እሱ ነው። የጭንቀት ሕመም የሚባለው ደግሞ እህሉ ገብቶ ሳለ ጠባቂው መውረድ ሲያቅተው ነው። ስጋቱ ለሳምንታትና ለወራት አልለቅ ይላል፤ ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ሆድ ይረበሻል፤ ሰው ከሥራውና ከወዳጁ ይቀራል። የታመመው ሰው ስጋቱ ልክ የሌለው መሆኑን ብዙ ጊዜ ራሱ ያውቃል፤ ማወቁ ግን አያወርደውም። ስለዚህ «አይዞህ፣ አትፍራ» ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ቁጣና ማፈር ደግሞ ማማውን ሁለት ክንድ ይጨምሩበታል።

የጸሐፊው ደብተር በዓለም ደረጃም ተጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ከጭንቀት ሕመም ጋር የሚኖረው ሰው 301 ሚሊዮን እንደነበረ ገምቷል፤ ከእነዚህ 58 ሚሊዮኑ ሕፃናትና ታዳጊዎች ናቸው። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። ውጤታማ ሕክምና እያለው፣ የሚታከመው ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ድባቴና ጭንቀት ሁለቱ ተደምረው በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ያስቀራሉ፤ በጠፋው ምርት ሲተመን 1 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይሆናል። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው በሐኪም ደረሰኝ ላይ አይታይም። ያልተጠመደው በሬ፣ የፈረሰው እቁብ፣ የተሰቀለው ደብተር ነው።

በእኛም አገር ይህ ኪሳራ አለ፤ ስሙን ግን አንጠራውም። ልቡ እየደለቀ ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲዞር፣ የልብና የጨጓራ ምርመራ ሲያደርግ፣ በየቦታው «ምንም የለብህም» ተብሎ የሚመለስ ሰው በየሰፈሩ አለ። ስጋቱን ለማስታገስ መጠጥና ጫት ውስጥ የሚገባ አለ፤ ሁለቱም ውለው አድረው ሕመሙን ያብሱታል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታወቀው በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሕክምናው በአንድ ቦታ ስም ብቻ ስለታወቀ «አማኑኤል» የሚለው የከበረ ስም በብዙ ሰው አፍ መሳደቢያ ሆነና፣ በስጋት የሚሰቃየው ሰው «እብድ ልባል ነው» ብሎ ከሕክምናው ራቀ።

ደግነቱ፣ ማማውን ማሳጠር በምሳሌ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። የጭንቀት ሕመም የንግግር ሕክምና አለው፤ አንዱ መንገድ ሰውዬው የሚፈራውን ነገር ከባለሙያ ጋር ሆኖ ጥቂት በጥቂት፣ በራሱ ፈቃድ እንዲጋፈጠው ማድረግ ነው። ለሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በመራው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በታተመ ጥናት፣ ለድባቴና ለጭንቀት ሕክምና የሚወጣው እያንዳንዱ 1 ዶላር በጤናና በሥራ አቅም 4 ዶላር ሆኖ ይመለሳል። ይህን የመሰለ ምርት የሚሰጥ ማሳ ብዙ የለም።

አግዳሚውም በእውን አለ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ምባሬ በሚባለው ሰፈር፣ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ሥራ የጀመሩት ከ14 አያቶች ጋር ነበር። የሠለጠኑት አያቶች ከጤና ጣቢያው ቅጥር ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሾናዎች «ኩፉንጊሲሳ» የሚሉትን፣ እኛ «በሐሳብ ታመመ» የምንለውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ካሉበት ችግሮች አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ይረዱታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ሲመዝናቸው፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግማሽ ያህሉ አሁንም የድባቴና የጭንቀት ምልክት ነበረባቸው፤ አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ግን 14 ከመቶ ገደማ ብቻ።

እኛ አያት አናጣም፤ አግዳሚም አናጣም። ዕድር የሚባል፣ በየሰፈሩ ደብተርና ዳኛ ያለው ድርጅት ደግሞ አለን። ዕድራችን ሰው በሞተ ቀን ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል። በሕይወት እያለ ለሚንገላታው አባሉም አንድ ገጽ ይክፈት፤ ወደ ሕክምና የሚሄድበት የትራንስፖርት ገንዘብ፣ አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው፣ ምስጢሩን የሚጠብቅ አንድ ጆሮ ይመድብ። ጤና ጣቢያዎቻችን ልቡ ደህና የሆነውን ሰው ከመሸኘታቸው በፊት «ሌሊት እንዴት ታድራለህ?» ብለው ይጠይቁት። አሠሪዎች ከሥራ የሚቀረውን ከማሰናበታቸው በፊት ለምን እንደቀረ ይወቁ። ካህናትና ሼኾች ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ «ሐኪምም ዘንድ ሂድ» ይበሉት፤ ከእነሱ አፍ የወጣ ቃል ነውሩን ያነሳል።

እርስዎም፣ አንባቢዬ፣ በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ እህሉ ከገባ በኋላ ማማ ላይ የቀረ ሰው ካለ፣ ከሥር ቆመው «ውረድ» አይበሉት። ዛሬ ማታ ወጥተው አጠገቡ ይቀመጡ፤ ነገ ጠዋት ወደ ሐኪም አብረውት ይሂዱ።